በኬሚካል ቀመር ውስጥ አቶም አቆጣጠር

አቶም ሲቆጠር ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ማባዛት አቅቶት ሳይሆን ቁጥሩ የማን እንደሆነ ስለማይለይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቶቹን ለዩ። የንጥረ ነገር ምልክት በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ትንሽ ፊደል ከተከተለው ሁለቱ አንድ ንጥረ ነገር ናቸው። ትልቅ ሲ እና ትንሽ ኦ ኮባልት ነው፤ ሁለቱም ትልቅ ከሆኑ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ሁለት ንጥረ ነገር።

የግርጌ ቁጥር ከግራው ያለውን ንጥረ ነገር ብቻ ይመለከታል። ቁጥር ከሌለ 1 ነው። ከቅንፍ በኋላ የመጣ ቁጥር ግን ቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያባዛል።

ዳፕ ማዳበሪያን እንይ (ምልክቶቹን በአነባበባቸው ጽፈናል፣ ፊደሉን ተከትሎ የተጣበቀው የግርጌ ቁጥር ነው)፦

(ኤን ኤች4)2 ኤች ፒ ኦ4

ናይትሮጅን 1×2 = 2። ሃይድሮጅን ሁለት ቦታ ስላለ 4×2 = 8፣ ከቅንፉ ውጭ ያለው 1 ሲጨመር 9። ፎስፈረስ 1፣ ኦክስጅን 4፤ ድምሩ 16። ሃይድሮጅን 7 ከመጣባችሁ 4ን በ2 በማባዛት ፈንታ ደምራችኋል፤ 8 ከሆነ ብቻውን የቆመውን ኤች ዘላችኋል።

በጣም የሚያሳስተው ነጥብ ያለበት ቀመር ነው። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት፦

ሲዩ ኤስ ኦ4 · 5 ኤች2 ኦ

ነጥቡ የማባዣ ምልክት አይደለም፤ ውሃው የክሪስታሉ አካል መሆኑን ያሳያል። 5ቱ ውሃውን በሙሉ ያባዛል፣ ከነጥቡ በስተግራ ያለውን አይነካም። ሃይድሮጅን 5×2 = 10፣ ኦክስጅን 4+5 = 9፣ መዳብ (ሲዩ) 1፣ ድኝ (ኤስ) 1፤ በጠቅላላው 21። ክሪስታሉ በደንብ ሲሞቅ ውሃው፣ ማለትም 15ቱ አቶም፣ ተኖ ይሄድና ነጭ ዱቄት ይቀራል።

በእኩልታ ውስጥ ከቀመሩ በፊት የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ቀመሩን በሙሉ ያባዛል፦ 3 ዳፕ ውስጥ ሃይድሮጅን 3×9 = 27 ነው። እኩልታ ስታመጣጥኑ የምትለውጡት ይህንን ብቻ ነው። የግርጌውን ከነካችሁ ውህዱ ሌላ ይሆናል፤ ኤች2 ኦ ውሃ ነው፣ ኤች2 ኦ2 ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ።

ቆጠራችሁን በዩሪያ ፈትሹት፦ ሲ ኦ (ኤን ኤች2)2። የቆጠራችሁትን በየአቶሙ ክብደት (ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16፣ ናይትሮጅን 14፣ ሃይድሮጅን 1) አባዙት፦ 1 ካርቦን 12፣ 1 ኦክስጅን 16፣ 2 ናይትሮጅን 28፣ 4 ሃይድሮጅን 4፤ ድምሩ 60። 28ን ለ60 ስታካፍሉ 46.7 ከመቶ ገደማ ይመጣል፤ የዩሪያ ጆንያ ላይ የሚጻፈው የናይትሮጅን መጠንም 46 ከመቶ ነው።