ወደ ኩምብ ሜላ በባቡር ለምትሄዱ

ህንድ ለትምህርት ላላችሁና ኩምብ ሜላን፣ ሂንዱዎች በአራት ከተሞች እየተዘዋወሩ በተቀደሰ ወንዝ የሚታጠቡበትን ታላቅ በዓል፣ በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው። እዚያ ስማር ሄጄ አይቻለሁ። ንጋት ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ስስ ጨርቅ ተከናንበው ወደ ውሃው የሚወርዱትን እናቶች ሳይ ጃንሜዳ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ስለዚህ ቅሩ አልላችሁም። ሂዱ፣ ግን መንገዱን እወቁት።

ብዙ ሰው የሚፈራው ባቡሩ ውስጥ ያለውን መታፈግ ነው። ሰው ያለቀው ግን ጣቢያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2013 በዓሉ ከሚደረግባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው፣ ዛሬ ፕራያግራጅ በምትባለው በአላሃባድ ጣቢያ ከ30 በላይ ሰው ተረጋግጦ ሞተ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 ደግሞ ኒው ዴልሂ ጣቢያ 18 ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ፖሊስ እንዳለው የሁለት ባቡሮች ስም ተመሳስሎ ነበር፤ አንዱ ፕራያግራጅ ኤክስፕረስ፣ ሌላው ፕራያግራጅ ስፔሻል። በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰው ባቡሬ በሌላ ፕላትፎርም ሊገባ ነው ብሎ ተንጋጋ።

እናም ባቡራችሁን በስም ሳይሆን በቁጥር ያዙት። አምስት አሃዝ አለው፤ ለበዓል የሚጨመሩት ልዩ ባቡሮች ደግሞ ቁጥራቸው በ0 ይጀምራል። እጃችሁ ላይ በእስኪሪብቶ ጻፉት፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። "ያትሪጋን ክሪፕያ ድያን ዴ" የሚለውን ድምፅ ስትሰሙ (ተጓዦች እባካችሁ አስተውሉ ማለት ነው) መጀመሪያ ቁጥሩን አዳምጡ። ቁጥሩ የእናንተ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ቢሮጥ እናንተ አትነሱ።

ቲኬት የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። ያን ቀን ካልቆረጣችሁ ይከብዳል። ታትካል የሚባለውን የመጨረሻ ቀን ቲኬት ብዙ አትመኩበት፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ለመቁረጥ አድሃር (የህንድ የመታወቂያ ቁጥር) ይጠየቃል፣ አብዛኞቻችሁ ደግሞ የላችሁም። ወረፋ ላይ ያለ ቲኬት ይዞ ስሊፐር (አልጋ ያለው) ፉርጎ ውስጥ መግባትም ከሜይ 2025 ጀምሮ ተከልክሏል።

እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ቲኬቱ ላይ 29 ቀን 00:15 ካለ ባቡሩ የሚሄደው 28 ቀን አምሽታችሁ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሚመስለን በማግስቱ ሌሊት ሻንጣ ይዞ ጣቢያ የሚሄድ አይጠፋም። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል። ለበዓል የተቆረጠ ቲኬት ደግሞ ካመለጠ ሌላ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አልጋ ስትመርጡ የላይኛውን ያዙ። የታችኛው ቀን ቀን የሁሉም መቀመጫ ነው፣ በበዓል ጊዜ ደግሞ ሌሊትም ሰው ይቀመጥበታል። አሮጊት እግራችሁ ሥር ተጣጥፋ ስታድር ዝም ብሎ መተኛት አይቻልም፤ እኔ አልቻልኩም። ላይ ከወጣችሁ ግን ቦርሳችሁን ተንተርሳችሁ ታድራላችሁ። ቦርሳው አንድ ብቻ ይሁን፣ ደረት ላይ የሚታቀፍ። የሚጎተት ሻንጣ ደረጃ ላይ እናንተንም ሌላውንም ይጥላል። ጫማችሁ የሚታሰር ይሁን። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መተላለፊያ በሰው ስለሚዘጋ ከመግባታችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ጨርሱ። ውሃ ግን አትተዉ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። ጃንዋሪ ላይ በሰሜን ህንድ ጉም ስላለ ባቡር ብዙ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ብርድ ልብስና ደረቅ ምግብ ያዙ።

አሁን ደረጃው ጋ እንምጣ። የፕላትፎርም ድልድይ ላይ ሰው ቆሞ ካያችሁ አትውጡ። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን እግራችሁ የራሳችሁ አይደለም፣ ሰዉ ወደሄደበት ይወስዳችኋል። ሰው በግፊያ የሚሞተው ወድቆ ብቻም አይደለም፤ ቆሞ ደረቱ ተጨፍልቆ ትንፋሽ አጥቶ ነው። ስለዚህ ከተያዛችሁ ክርናችሁን አጥፋችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ፊት አድርጉ፣ ለሳንባችሁ ትንሽ ቦታ እንዲኖር። ወደ ኋላ አትግፉ። ግፊቱ ሲላላ በአግድም ወደ ዳር ፈቀቅ በሉ። ስልክ ቢወድቅ ይቅር፣ ጫማም ቢወልቅ ይቅር፣ አታጎንብሱ። ከወደቃችሁ ቶሎ ለመነሳት ሞክሩ፣ ካልሆነ በጎን ተጠቅልላችሁ ጭንቅላታችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ።

ከገጠር የሚመጡት ተጓዦች ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ገመድ ይይዛሉ፣ አንዱ ሰፈር በአንድ ገመድ። አንዲት እናት የሳሪዋን ጫፍ ከልጅ ልጇ ሸሚዝ ጋር ቋጥራ፣ ቋጠሮውን በየጥቂት እርምጃው በጣቷ ስትዳስስ አይቻለሁ። እናንተም ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ የምትገናኙበትን ቦታ ከጣቢያው ውጭ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ኔትዎርክ ይጠፋል።

ዋና የመታጠቢያ ቀኖችን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ወይም ሁለት ቀን ቆይታችሁ ሂዱ። በ2025 መንግሥት የቆጠረው ከ660 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የገባ ሰው ነው፤ ማዕበሉ ግን እንደ ማውኒ አማቫስያ ባሉ ቀኖች ይበረታል። ውሃው በማግስቱም እዚያው አለ። ፕራያግራጅ ስትደርሱ ዋናው ጣቢያ ብቻ አይደለም ያለው፤ ናይኒ፣ ቼኦኪ፣ ፋፋማውና ሱቤዳርጋንጅም አሉ። በዋናው ጣቢያ በበዓል ቀን መግቢያው በከተማው በኩል፣ መውጫው ሲቪል ላይንስ በሚባለው ሰፈር በኩል ብቻ ስለሚሆን በገባችሁበት እመለሳለሁ አትበሉ። ቀጣዩ ኩምብ እ.ኤ.አ. በ2027 ናሺክ ነው፣ በዚያው ዓመት ሃሪድዋር ላይም አርድ ኩምብ (ግማሽ ኩምብ) አለ፣ 2028 ደግሞ ኡጃይን። ለናሺክ የምትወርዱት ናሺክ ሮድ ነው፣ ከዚያ ከተማው ድረስ ሌላ መኪና ትይዛላችሁ።

ባቡሩ ሞልቶ በሩ ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ካገኛችሁት ተዉት። እኔ አንዱን ትቼ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ ያለው ቤተሰብ ፑሪና ድንች አካፈለኝ፣ ቀጣዩ ከአራት ሰዓት በኋላ መጣ። ለማንኛውም የባቡር ችግር 139 ደውሉ።