ማርሽ አልገባ ያለ ፒክአፕ፦ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከመውረዱ በፊት

እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋለሁ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ማርሾቹን በየተራ ሞክሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ከገቡ፣ ሲነሳ ግን እንቢ ካሉ ወይም የኋላ ማርሹ ከተንጫጫ፣ ለካምቢዮው አትቸኩሉ፤ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም፣ ሞተሩን ከካምቢዮው አልለየም ማለት ነው። ጠፍቶም የማይገባ ከሆነ ከማርሽ ዱላው እስከ ካምቢዮው ያለውን ማያያዣ ፈትሹ። የተበላች ትንሽ ፕላስቲክ መኪና ታቆማለች።

ፍሪሲዮኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ የዘይት ዕቃውን ክፈቱ። ከፍሬኑ የተለየ የራሱ ዕቃ ካለው የዘይቱ ደረጃ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ስለተበላ አይወርድም፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል። ብዙ ሰው ጨምሮበት መሄዱ ያናድደኛል። ፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳብሱ፤ ከታች ካምቢዮው ጎን ያለውን ፓምፕ የአቧራ ጎማ ገለጥ አድርጉ። ርጥበት ካለ ዘይቱን የሚያግደው የውስጥ ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቋል፣ ይቀየር።

ቀጥሎ አየር ማውጣት ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ የታችኛውን ፓምፕ የአየር ማውጫ ፈታ አድርጉና ፔዳሉ ሳይለቀቅ መልሳችሁ አጥብቁ። አረፋ እስኪጠፋ ድገሙት፤ ዕቃው ባዶ እንዳይሆን እየሞላችሁ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ተጠቀሙ። የሞተር ዘይት ከገባ ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል።

የፓምፑ ዘንግ ሙሉ እየተገፋ ማርሹ አሁንም ካልገባ፣ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ፤ ዲስኩን፣ ዲስኩን የሚጫነውን ማቀፊያና የሚያስለቅቀውን ኩሺኔታ አንድ ላይ እዩ።