ለሥራ መመላለሻ ማውንቴን ብስክሌት በሐዋሳ፦ ርካሽ ሆኖ የሚበረክተው እንዴት ይመረጣል?

ሐዋሳ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ከፒያሳ ወደ ሐይቅ ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳገት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይነዳበታል። ነገር ግን አብዛኞቻችን አስፋልት ዳር አንኖርም። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር እጥፍ ስትሉ ኮብልስቶን ይቀበላችኋል። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ደግሞ በበጋ አቧራው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ልል አፈር ይከተላል። ቀጭን ጎማ ያለውን የእሽቅድምድም ብስክሌት ትቼ ስለ ሰፊ ጎማው ማውንቴን የምጽፈው ለዚህ ነው እንጂ ተራራ ልንወጣ አይደለም። ተራሮቻችን ታቦርም አላሙራም ባሉበት ይቀመጡ።

እኔ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ፈረቃ ስለምሠራ ባጃጅ በሚጨናነቅበትም፣ ባጃጅ በማይገኝበትም ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። ባልደረቦቼ ብስክሌት ለመግዛት ሲነሡ «አብረሽን ሂጂ» ይሉኛል፤ ገበያ ውስጥ ደጋግሜ የምነግራቸውን ነው እዚህ ያሰፈርኩት።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲለዋወጥ እያያችሁ ነው፤ ዛሬ የምጠራው ቁጥር ሳታነቡት ያረጃል። ይልቅ አከፋፈሉን ልንገራችሁ። በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ አምስት ቦታ ክፈሉትና አራቱን ብቻ ይዛችሁ ሻጭ ፊት ቁሙ። አምስተኛው ለቁልፍ፣ ለመብራት፣ ለፓራፋንጎ፣ ምናልባትም ለአዲስ ጎማ ነው። ሙሉውን ለብስክሌቱ ከፍሎ ያለ ቁልፍ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

ከሻጭ በፊት ግን መካኒክ ዘንድ ሂዱ። ይህን ነጥብ ሰው ሁሉ ይገለብጠዋል፤ ገዝቶ ሲበላሽ ነው መካኒክ የሚፈልገው። በሰፈራችሁ ጎማ የሚጠግነውንና ፍሬን የሚያስተካክለውን ሰው ጠይቁ፦ የትኛው የውስጥ ጎማ አለህ? የትኛውን ሰንሰለት ትቀይራለህ? የትኛውን ፍሬን አልነካም ትላለህ? እኔ ጋሼ የምላቸው መካኒክ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው ዕቃ ሁሉ ለባለ 26 ኢንች ጎማና ቸርኬውን ከሁለት ጎን ለሚይዘው ተራ የእጅ ፍሬን የሚሆን ነው። ይህ ግድግዳ ከማንኛውም የሻጭ ንግግር ይበልጥ ይነግራችኋል። 27.5 እና 29 ኢንች ጎማ ያላቸው ብስክሌቶች ሲነዱ ደስ ይላሉ፤ ትልቅ ጎማ በኮብልስቶን ላይ ይንሸራሸራል፤ አልክድም። ዳሩ ግን ጎማው ማክሰኞ ጠዋት ቢፈነዳ ተተኪውን አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ አደራ የምትሉበት ከሆነ፣ እስኪመጣ ሥራ የምትሄዱት በእግር ነው።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ከፊትም ከመሐልም ሞላ ያለውን ነው፤ ኮርቻውን በእጁ ይጫናል፣ ብስክሌቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዓይናችሁ ይማረካል። አትግዙት። በውድ ብስክሌት ላይ የመሐል ሞላ ትልቅ ሥራ ይሠራል። በርካሹ ላይ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ጉልበታችሁን ይበላል፣ የሚተጣጠፍበት ቦታ በአቧራ አልቆ መንገጫገጭ ይጀምራል። የፊት ሞላ ብቻ ያለው ይበቃል። ጨርሶ ሞላ የሌለው ጠንካራ የፊት ሹካ ከተገኘ ደግሞ እኔ በበኩሌ እሱን እመርጣለሁ፤ ሰፊ ጎማ በልኩ ሲነፋ የኮብልስቶኑን መንገጫገጭ አብዛኛውን ይችለዋል።

ስለ ማርሽ ብዛት የሚነገረውን በአንድ ጆሮ ሰምታችሁ በሌላው አፍስሱት። «21 ማርሽ» ማለት ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ባለ ጥርስ ክብ ማለት ነው፤ ሦስቱን በሰባት አባዙት። በሐዋሳ ሜዳ ከፊት መካከለኛው ላይ ትተዋላችሁ፤ የምትቀይሩት የኋላውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን አቀያየሩን ሞክሩ፦ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ አንድ በአንድ ቀይሩት። ሳይንቀጫቀጭ፣ ሳይዘልል ከሄደ ይበቃል።

ልክ የሌለው ብስክሌት ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው፤ ጉልበትና ወገብ ያስከፍላል። ብስክሌቱን በእግሮቻችሁ መሐል አድርጋችሁ ጫማ እንዳደረጋችሁ ቁሙ። በላይኛው ብረትና በእናንተ መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ቁመታችሁ 1.60 ሜትር አካባቢ ከሆነ 15 ወይም 16 ኢንች፣ 1.75 አካባቢ ከሆነ 17 ወይም 18 ኢንች የተባለውን ፍሬም ፈልጉ። ይህ የፍሬሙ ልክ ነው፤ ከጎማው 26 ጋር አታምታቱት። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፦ በቀሚስ ሥራ የምትገቡ ከሆነ የላይኛው ብረት ወደ ኮርቻው ዝቅ እያለ የሚወርድ ፍሬም ምረጡ። «የሴት ብስክሌት» እየተባለ የሚሸጠው ሁልጊዜ ደካማ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ብየዳውን ተመልክታችሁ ፍረዱ እንጂ ስሙን አትስሙ።

የኮርቻው ከፍታ ደግሞ እንዲህ ይለካል። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱ፣ ተረከዛችሁን አሳርፉበት። እግራችሁ በዚህ ጊዜ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዱ የምትረግጡት በውስጥ እግራችሁ የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል፤ ትክክለኛው ይህ ነው። በከተማችን ኮርቻቸውን መሬት አስነክተው ጉልበታቸው አገጫቸው አጠገብ ሲደርስ የሚነዱ ብዙ ወንዶች አያለሁ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጎማ ላይ ረጋ ብላችሁ ጊዜ ስጡ። በጎኑ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 26 በ1.95 ከተባለ፣ ማለትም ሁለተኛው ቁጥር በነጥብ ከተጻፈ፣ የተለመደው የማውንቴን ጎማ ነው፤ በትንሹ 559 የሚል ቁጥርም ይኖረዋል። 26 በ1 ከ3/8 ተብሎ በክፍልፋይ ከተጻፈ ግን የሌላ ዓይነት ብስክሌት ጎማ ነው፤ ቁጥሩ 590 ነው፤ ሁለቱም «26» ይባሉ እንጂ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ልጅ ልካችሁ ጎማ ስታስገዙ ይህችን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ጭቃ ላይ ያምራል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ይከብዳል። መሐሉ ለስለስ ብሎ ዳር ዳሩ ጥርስ ያለው ለሥራ መንገድ ይሻላል። የንፋሱ ልክም እዚያው ጎማው ጎን ላይ አለ፤ አብዛኛው ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል። አፉ እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም ቫልቭ ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ብቻ ለጭነት መኪና የሚነፋበት ማሽን ለብስክሌት ጎማ ኃይለኛ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያለ እንዲሰጣችሁ ለምኑት፣ አጠገቡም ቁሙ።

ቸርኬውን በማግኔት ንኩት። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው አሉሚኒየም። ብረት ቸርኬ ሲረጥብ በእጅ ፍሬን ለመቆም ያስቸግራል። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ያለ ምልክት ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ ታውቃላችሁ፤ ቀኝ ማለት ደግሞ እናንተ የምትነዱበት ቦታ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ እየዘነበ በመናኸሪያ በኩል ያለፈ ሰው ስለ ፍሬን ምክር አያስፈልገውም። ስለዚህ አሉሚኒየም ቸርኬ ከተራው የእጅ ፍሬን ጋር፤ ምርጫዬ ይህ ነው። ጎማው መሐል ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው የዲስክ ፍሬን በዝናብ ይበልጣል፤ ነገር ግን ርካሹ ቶሎ ይዛባል፣ ሸራውም እንደ ልብ አይገኝም። በዘይት የሚሠራውን መካኒካችሁ እችለዋለሁ ካላለ በስተቀር ተዉት።

አዲስ ርካሽ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ደህና? ያገለገለ ደህና። ግን በዓይን ብቻ አይገዛም። ጋሼ አንድ ብስክሌት ሲመጣላቸው መጀመሪያ ቀለሙን አያዩም፤ ገልብጠው መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ጎማውን ያሽከረክሩና አውራ ጣታቸውን ፍሬኑ አጠገብ ያቆማሉ፤ ቸርኬው እያወዛወዘ ጣታቸውን ከነካ ይሰማቸዋል። ከዚያ የቸርኬውን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጉ ይጨምቃሉ፤ አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ከላላ ወይ ሽቦ ተሰብሯል ወይ ሊሰበር ነው። የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቀንቃሉ፤ ከተነቃነቀ መሐል ያለው ኩሽኔታ አልቋል። ብስክሌቱን መልሰው አቁመው የፊት ፍሬን ይዘው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ቀቅ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ይህ ሁሉ የሚጠገን ነው፤ ዋጋ ለመቀነስም ይጠቅማችኋል።

የማይጠገነው ፍሬሙ ነው። መሪው ከፍሬሙ በሚገናኝበት ቦታ ከሥር በኩል ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ቀጭን መስመር ከታየ ብስክሌቱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። ሻጩ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳን አመስግናችሁ ሂዱ። እንደ አዲስ የተቀባ አሮጌ ብስክሌትም አያስደስተኝ፤ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል።

ሰንሰለቱን በብረት ማስመሪያ ለኩት። ዜሮውን በአንዱ ፒን መሐል ላይ ስታደርጉ በአዲስ ሰንሰለት 12 ኢንቹ በሌላ ፒን መሐል ላይ ልክ ያርፋል። ፒኑ ከ12 ኢንቹ መስመር 1.5 ሚሊሜትር ያህል ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየር። 3 ሚሊሜትር ካለፈ የኋላ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል፤ የሁለቱንም ዋጋ ሻጩ ከጠየቃችሁ ዋጋ ላይ ቀንሱ። በእኛ ከተማ ሰንሰለት ቶሎ የሚያልቀው በአቧራው ነው። አፈራችን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ሸካራ ነው፤ ከዘይት ጋር ሲለወስ ብረት ይሞርዳል። ዘይት ያበዛ ሰንሰለቱን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ጠብ ጠብ አድርጎ ከውጭ ያለውን በጨርቅ መጥረግ ነው የሚሻለው።

ከግለሰብ ስትገዙ የሽያጭ ውል ጻፉ፤ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ የሻጩን መታወቂያ ቅጂ ያዙ። የፍሬሙ ቁጥር ከፔዳሉ ክንዶች መሐል በታች በኩል ተቀርጾ ይገኛል፤ ውሉ ላይ አስፍሩት። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት ብስክሌቱ የማን እንደሆነ ለመገመት አትቸገሩም። አዲስ ከሱቅ ከሆነ ደረሰኝ አትተዉ።

የኋላ ዕቃ መጫኛና ፓራፋንጎ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከኋላ ጎማ አጠገብ መኖራቸውን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። በርካሽ ብስክሌት ላይ አንዳንዴ አይኖሩም፤ ያን ጊዜ ቦርሳው ጀርባ ላይ ይቀራል፣ ሸሚዝ በላብ ይርሳል። ለማታ ፈረቃ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑራችሁ፤ የኋላው ከፊተኛው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የፊቱን መንገድ የመንገድ መብራት ያሳያችኋል፣ እናንተን ለሚከተላችሁ መኪና ግን የሚያሳይ የለም።

ከገዛችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ ወደ መካኒኩ ተመለሱ፤ አዲስም ይሁን ያገለገለ። ገመዶቹ ይለጠጣሉ፣ ሽቦዎቹ ይላላሉ፣ የክንዶቹ ቡሎኖች ይፈታሉ። ራሳችሁ የምታጠብቁ ከሆነ የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ቡሎን በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ነው። ይህን የማያውቅ ጎረምሳ እጅ መፍቻ ከገባ የክንዱን ጥርስ ይጨርሰዋልና ራሳችሁ ቁሙበት።