ማታ ማታ ፊክስ የሚጥል የጂፒኤስ ሪሲቨር፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ

ቀን ያለ እንከን ሲሠራ የዋለ የቅየሳ ሪሲቨር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ የሳተላይቶችን ሲግናል ተራ በተራ ይጥላል፤ ፊክስ (በሴንቲ ሜትር ደረጃ የተረጋገጠ) የነበረው ልኬት ወደ ፍሎት (ትክክለኛነቱ ወደ ቀነሰ ግምት) ይወርዳል፤ ችግሩም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እየተወና እየተመለሰ ይቀጥላል። የመግነጢስ ወገብ (የምድር መግነጢስ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር) በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ይህ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ እንዲሁም በመስከረምና በጥቅምት ያጋጥማል፤ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታት ደግሞ ይብሳል።

ኬብል ከመቀየር በፊት አጠፋፉን መመልከት ይገባል። ሳተላይቶቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ከጠፉ ጥፋቱ የአንቴና፣ የኬብል ወይም የሬዲዮ ረብሻ ነው። በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ በዚያው አቅጣጫ የሚደገም ከሆነ ከሕንፃ የሚመጣ ነጸብራቅ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተሻገረ አንዱን ለቆ ሌላውን የሚይዝ ከሆነ ግን መንስኤው ከአዮኖስፌር፣ ማለትም በፀሐይ ጨረር ቻርጅ ከያዘው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነው።

መንስኤው

ፀሐይ ስትጠልቅ የአዮኖስፌር የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ የላይኛው ግን ጥቅጥቅ እንዳለ ይቆያል፤ ይህም ከባድ ፈሳሽ በቀላል ላይ እንደ ማስቀመጥ ስለሆነ ሚዛኑ በቀላሉ ይፈርሳል። ከሥር የሚነሳው የሳሳ ክፍል በተለምዶ የፕላዝማ (ቻርጅ የያዘ ጋዝ) አረፋ ይባላል፤ ስሙ ባዶ ቢያስመስለውም ውስጡ ፕላዝማ አለ፣ ያውም ከአካባቢው ፈጥኖ የሚጓዝ። በአረፋው ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ የሚከማቸው ቻርጅ በውስጡ ወደ ምሥራቅ የሚያመራ ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም ወደ ሰሜን ከሚያመራው የምድር መግነጢስ ጋር ተዳምሮ ፕላዝማውን በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አንዳንዱ አረፋ ከ1000 ኪሎ ሜትር ከፍታም ያልፋል። ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ውድማንና ሴሳር ላ ኦስ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፔሩው የሂካማርካ ራዳር ያሳተሙት ምስል ይህንኑ ሽቅብ የሚወጣ ጭስ አስመስሎ አሳይቷል። ሲግናሉን የሚያርገበግበው በአረፋው ውስጥና በጠርዙ የሚፈጠረው፣ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ጥቃቅን መዛባት ነው።

መፍትሄው

ሪሲቨሩን አጥፍቶ ማብራት አይረዳም። አረፋው በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሚንሳፈፍ፣ 100 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ለማለፍ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መጠበቅ ይሻላል። ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨር ይፈታዋል የሚለው አስተያየት ግማሽ እውነት ነው፦ ሲግናሉ በአዮኖስፌር ሲያልፍ የሚደርስበትን መዘግየት ያርማል እንጂ መርገብገቡን አያስቀርም፤ እንዲያውም ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ቀድሞ ይጠፋል። የሚጠቅመው ከጂፒኤስ ሌላ የአውሮፓውን ጋሊሊዮንና የቻይናውን ቤይዱን ጨምሮ ብዙ ሳተላይት መከታተል፣ የተረበሹትን ከስሌቱ ማስወጣትና የቤዝና (በታወቀ ነጥብ ላይ የቆመው ሪሲቨር) የሮቨርን (የሚንቀሳቀሰው ሪሲቨር) ርቀት ማሳጠር ነው። ከፍተኛ ጥራት የሚጠይቅ ነጥብ ከሆነ ሥራውን ለጠዋት ማሳደር ይመረጣል።