ያገለገለ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አንብቡ

ገላን ወይም ሰበታ አካባቢ ወርክሾፕ ልትከፍቱ ያገለገለ ቶርኖ እያያችሁ ከሆነ፣ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ሞተሩ ላይ ያለችውን የጽሑፍ ቆርቆሮ ፎቶ አንሱ። 220/380 ካለች በእኛ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) በስታር ነው የሚታሰረው፤ ስታርና ዴልታ የሞተሩን ሽቦዎች የማገናኛ ሁለት መንገዶች ናቸው። በዴልታ ከታሰረ ይቃጠላል። «ሁሌም እንዲህ ነው የምናስረው» የሚል ኤሌክትሪሻን አይጠፋም፤ አጠገቡ ቁሙ። 380/660 ካለች ግን ዴልታ ነው።

ቆርቆሮዋ ላይ አምፔሩ (ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን) ከጠፋ ኪሎዋቱን በ2 አባዙት፤ ለስሪ ፌዝ ግምቱ ይቀርባል። 5.5 ኪሎዋት ወደ 11 አምፔር ነው። ሞተሩ በቀጥታ ሲነሳ ግን ከ5 እስከ 7 እጥፍ ሊስብ ይችላል፤ ከትራንስፎርመር የራቀ ግቢ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ቆጣሪያችሁ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ከሆነ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስሪ ፌዝ ማግኘት እንደምትችሉ አረጋግጡ።