በተሰበረ ሜትር መለካት፦ አነስተኛ ድርጅት ለምትገዙ

አባቴ አናጢ ነበር። ሜትሩ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ተነቅሏል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከ10 ሳንቲሜትር ነው መለካት የሚጀምረው። 70 ከፈለገ 80 ላይ ያሰምራል። አዲስ ግዛ ስንለው «የጎደለበትን ካወቅክ ይበቃል» ይለን ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ተቀጥሮ የሠራበት ወርክሾፕ ለሽያጭ ቀረበ። ልቤ ቀለጠ። ጸለይኩ፤ ሰላም ተሰማኝ፤ ፈረምኩ። ሒሳቡን በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

በ3ኛው ሳምንት አንዲት እናት የታጠፈ ደረሰኝ ይዘው መጡ። «ያዘዝኩት በር ደረሰ ወይ?» አሉ። ደረሰኙ ላይ የወርክሾፑ ማኅተም አለ። የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ከፍለዋል፤ ቀኑ እኔ ከመግዛቴ 2 ወር በፊት ነው። ገንዘቡ ከሻጩ ጋር ሄዷል፣ በሩ ግን እኔ ላይ ቀርቷል። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች 6 ሰዎች መጡ። ሽማግሌው ሻጭ ሌባ አልነበሩም። ትዕዛዝ የሚይዙት በጭንቅላታቸው ነበር፣ ጭንቅላታቸው ደግሞ ደክሟል። ጥፋቱ ያልጠየቅኩት የእኔ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ተከፍሎባቸው ያላለቁ ሥራዎችን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። ቀብድ ሽያጭ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ምሳሌ 27:23 የበጎችህን ሁኔታ ለይተህ እወቅ ይላል። እኔ ለእግዚአብሔር «አንተ ታውቃለህ» ብዬ እሱ እወቅ ያለኝን ትቼ ነበር። መቁጠር የእምነት ማነስ አይደለም።

የሻጭ መዝገብም እንደ አባቴ ሜትር ነው፤ የሆነ ቦታ ይጎድለዋል። እውነተኛ ከሆነበት ጀምራችሁ ለኩ። ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ነው። የ3 ዓመት የባንክ መግለጫ ውሰዱና ከሽያጭ መዝገቡና ለግብር ከቀረበው ሒሳብ ጋር ወር በወር አስተያዩ። ሻጩ «እጅ በእጅ የምንሸጠው አይታይም እንጂ ትርፉ ከዚህ በላይ ነው» ካላችሁ፣ ላልታየ ትርፍ አትክፈሉ። ግብር ሲመጣ የደበቀውን ትርፍ ገዢ ሲመጣ ቢያወጣው አላምነውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ባለቤቱ ለራሱ ደመወዝ ይከፍል ነበር ወይ? ሚስቱስ ሒሳብ ስትይዝ ምን ይከፈላት ነበር? ምንም ካልሆነ፣ ትርፍ ተብሎ የተጻፈው የሁለት ሰው ያልተከፈለ ድካም ነው። እናንተ ሰው ስትቀጥሩ ይጠፋል። የእኔ ወርክሾፕ እንዲህ ሲሰላ የ«ትርፉ» ግማሽ ብን አለ።

ደንበኞች ያልከፈሉትን ዱቤ በቆየበት ጊዜ ለዩት። ከ90 ቀን ያለፈውን እንደሌለ ቁጠሩት ባይ ነኝ። ማሽኖቹን አስነስታችሁ እንጨት አስገቡባቸው፤ ዝም ብሎ የቆመ መጋዝ ሁሉ ደህና ይመስላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩን በአካል አግኙት። ድርጅቱን እንዳለ ስትገዙ ዕዳው አብሮ ይመጣል፤ ዕቃውንና ስሙን ብቻ ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ ጋር ይቀራል። ይህን የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይይላችሁ።

ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ ምሳሌ 20:14 ትዝ ይበላችሁ። ገዢው «መጥፎ ነው፣ መጥፎ ነው» ይላል፤ ዞር ሲል ግን ይፎክራል። ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊትም ድርድር እንዲህ ነበር ማለት ነው! የሰውን የዕድሜ ልክ ሥራ ሳታጣጥሉ ቁጥሩን አሳዩና ቀንሱ። እኔ ሳሞካሽ ብዙ ከፍያለሁ፤ ቢሆንም ማጣጣሉን አልመክርም።

ሻጩ የእምነት ወንድም ቢሆንስ? ያን ጊዜ ውሉን የበለጠ ዘርዝራችሁ ጻፉ። «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል ወዳጅነት ሲበላሽ ከገንዘቡ ጋር ማኅበሩንም ይዞ ይሄዳል። ከዋጋው የተወሰነውን ለ6 ወር ወይም ለ1 ዓመት ያዙት፤ ያልታየ ዕዳ ከመጣ ከዚያ ይከፈላል። እኔ ይህን አላደረግኩም። ሰባቱን ሥራ በራሴ ጣውላ ነው የሠራሁት።

ለቤተሰብ ገንዘብም ያው ነው። ወንድሜ ሲያግዘኝ «ብድር ነው ወይስ ድርሻ?» ብዬ ስጠይቀው ቅር አለው። «የአባታችን ቤት አይደል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ አባታችን ላቡን ያፈሰሰበት ቤት ነው። ግን ድርጅቱ ከከሰረ ማን ምን ያጣል? ያን ማታ አንድ ገጽ ጽፈን ፈረምን። ብድር ሆነ። ዛሬም አብረን እንበላለን።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ እምነት የሚታየው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጥቅስ አይመስለኝም። ደንበኛ ዘወር ሲል የምትመርጡት ጣውላ ላይ ነው። ደመወዝ ላይም ነው። ዘዳግም 24:15 ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ይላል። እኔ የ2 ወር ደመወዝ በተለየ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ ደንበኛ ስላዘገየብኝ ሠራተኛ መዘግየት የለበትም። ጠዋት እጸልያለሁ፤ የሚፈልግ ይገባል። ሁለቱ ሠራተኞቼ ሌላ እምነት አላቸው፤ ያን ሰዓት መጋዝ ይስላሉ፣ ማንም ክፉ ዓይን አያያቸውም።

አሥራትን በተመለከተ አብያተ ክርስቲያናት የተለያየ ነገር ያስተምራሉ። እኔ ደመወዝ እወስዳለሁ፣ ከደመወዜ አወጣለሁ። ድርጅቱ ደግሞ ግብር ከተከፈለ በኋላ ከዓመቱ ትርፍ ይሰጣል። ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ ማውጣት የፈለገ አንድ ወዳጄ ነበር። ትርፉ ከሽያጩ 8 በመቶ፣ የሚሰጠው 10 በመቶ። ልዩነቱ ከጣውላ ነጋዴው ገንዘብ ነው የሚወጣው። የሰው ገንዘብ ደግሞ ለመባ አይሆንም።

መዝገብ በየቀኑ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1494 ድርብ የሒሳብ አያያዝን (እያንዳንዱን ገንዘብ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ሁለት ቦታ መመዝገብን) በኅትመት ያስተማረው ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ነበር፤ ነጋዴዎች መዝገባቸውን በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምሩ ይመክራል። እኔም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ጽፌያለሁ። በስሙ የተጀመረ መዝገብ ላይ ውሸት መጻፍ እጅ ይይዛል።

ሁለተኛ መዝገብም አለኝ፤ የቀብድ። ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን። ነገ እኔ ብሞት ወይም ብሸጠው ለሚቀጥለው ሰው ነው።

ልጄ ትምህርት ሲዘጋ ታግዘኛለች። ውረሺው አልላትም፤ ሥራውን ግን ትየው። ባለፈው የአያቷን ሜትር ሰጥቻት የጠረጴዛ እግር ለካች። ከ10 ጀመረች፣ መደመሩን ግን ረሳች። 70 መሆን የነበረበት እግር 60 ሆኖ ተቆረጠ። እንጨት አይቀጠል! የቀሩትንም ሦስት እግሮች አሳጥረን አጭር ጠረጴዛ አደረግነው። ቢሮዬ ውስጥ አለ። የቀብዱን መዝገብ የማስቀምጠው እሱ ላይ ነው።