ደሴ ላይ ባለ 100 ዋት ሶላር አገጣጠም

ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ስላለች ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ አዘንብሉት። አብዝቶ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰኔና ሐምሌ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ በጨረፍታ ብቻ ታገኘዋለች። ጭራሽ ከተኛ ደግሞ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ቤት ከሰዓት በኋላ ቶሎ ጥላ ያርፍበታል፤ 10 ሰዓት ላይ ጣሪያውን እዩት። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ሙቀት ኃይል ይቀንሳልና ፓኔሉ ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ለ12 ቮልት ባትሪ ባለ 10 አምፔር መቆጣጠሪያ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚመጥን ዕቃ) ይበቃል። መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን፣ በመጨረሻ አምፖሉን አገናኙ፤ ስትፈቱ በተቃራኒው። ፓኔሉ ከቀደመ መቆጣጠሪያው የባትሪውን ቮልት ስለማያውቅ ሊቃጠል ይችላል። ባለ 15 አምፔር ፊውዝ በፖዘቲቭ ሽቦው ላይ፣ ከባትሪው ሳይርቅ ይግባ።